ያልተካሄዱ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ

ጥቅምት 8

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት፣ መልሼ ጻፍኩት። ደህና ነኝ በሚለው ያዝልኝ።

ያለፈው ደብዳቤዬ ስላጠረ ተቀይመሃል። ንዴቴን አጥፌ ፖስታ ውስጥ መክተት ስላልቻልኩ ነው።

ትምህርት ቤታችን ዓለም አቀፍ ዕውቅና ሊያገኝ ነው። በሩ ላይ "ዓለም አቀፍ" ብሎ ከጻፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዕውቅናውን የጠየቀው ግን አሁን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ራሱን ይገመግማል፣ ለእያንዳንዱ መስፈርት ማስረጃ ያቀርባል። ከዚያ ከዕውቅና ሰጪው ድርጅት አራት ሰዎች መጥተው አራት ቀን ይቆያሉ፤ የጻፍነውን ከሆነው ጋር ያስተያያሉ። ኅዳር ሃያ ይገባሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ይህን እወቅልኝ። ቁጭ ብሎ ራስን ማየት፣ የጎደለውን መጻፍ፣ በዓመቱ ተመልሶ "ሞላ ወይ?" ማለት። አንተስ ያስተማርከኝ ይህንኑ አይደል?

የኬሚስትሪ መምህሯ የማስረጃ አስተባባሪ ትሁን ሲባል ደስ አለኝ። ጅል!

ሰኞ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። መምህራኑ "አቶ መሻሻል" ነው የምንለው፤ ይህን ቃል ሳይጠራ ሻይ እንኳ አያዝም። ጠረጴዛው ላይ ሦስት እስክሪብቶ ደረደረልኝ። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ።

"የተከታታይ መሻሻል ኮሚቴው የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይጎድለናል።"

"ኮሚቴው የተሰበሰበው አንዴ ነው" አልኩት። "ያኔም የተነጋገርነው ስለ ኮሚቴው ስም ነው።"

"እኮ! በየሩብ ዓመቱ አንድ ከሆነ እንግዲህ አሥራ አንድ ይቀራል። እስክሪብቶ እየቀያየርሽ ጻፊው፣ በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል።"

"ይሄ እኮ ውሸት ነው።"

"የእኔ እህት፣ ውሸት አይደለም፤ ወደ ኋላ የተዘረጋ እቅድ ነው። ብንሰበሰብ ኖሮ ይህንኑ ነበር የምንለው።" ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ "ልጅሽ እንዴት ናት?" አለኝ።

ልጄ ጭራሮ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ዕውቅናው ካልመጣ ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ የእኛን ምስክር ወረቀት አይቀበላትም። ይህን አልነገረኝም። ልጅሽ እንዴት ናት ብቻ ነው ያለው።

እስክሪብቶዎቹን ይዤ ወጣሁ። ይዤ መውጣቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

ቤተ ሙከራዬን አይተኸው አታውቅም። ከበሩ በስተቀኝ የአደጋ ጊዜ ሻወር አለ፤ አሲድ የፈሰሰበት ልጅ ሰንሰለቱን ስቦ የሚታጠብበት። ቧንቧው ኮርኒሱ ውስጥ ይገባና እዚያው ያልቃል። ከምንም ጋር አልተገናኘም። ሰባት ዓመት! በመጀመሪያው ዓመት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ክንዷ ላይ አሲድ ፈሰሰባት፣ ሰንሰለቱን ሳበች፤ የወረደባት አቧራ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት በየጠዋቱ ሁለት ባልዲ ውሃ ሞልቼ ከሥሩ አኖራለሁ፣ በዚህች በደህናዋ እጄ አንድ በአንድ። በደብተርም እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ ሁለት ባልዲ፣ ሻወሩ አይሠራም፣ ዛሬ ለእገሌ አመለከትኩ። በየዓመቱ አንድ ደብተር ይሞላል። አሁን ዘጠነኛው ቃለ ጉባኤ "ሻወሩ ተገናኝቶ ተፈትኗል" ማለት አለበት።

አንተ ሃያ ዓመት ርእሰ መምህር ነበርክ። ሳሎንህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስጉን ትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት እያየሁ ነው ያደግሁት። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ተርብህ


ጥቅምት 19

ለእህቴ ለተርቧ፣

ጉልበቴ ቁጭ ስል ደህና ነው፤ ስነሳ ይከሰኛል። አናጢው ጎረቤቴ ከሰዓት ከሰዓት ዳማ ሊያጫውተኝ ይመጣል። ያጭበረብራል። እያየሁት ዝም እላለሁ፤ የሚመጣልኝ ሌላ ሰው የለማ።

ስለ ሥራሽ፦ ከአለቃ ጋር እልህ አትጋቢ፣ ልጅሽን አስቢ። ደግሞ እንግዶቹ ሳይመጡ የቧንቧ ሠራተኛ ፈልጊ። ቧንቧው ከተቀጠለ ቃሉም እውነት ይሆናል፣ አንቺም ታርፊያለሽ።

የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ። ያ ወረቀት ግድግዳው ላይ የለም። መስታወቱ ተሰንጥቆ አውርጄዋለሁ። ከወረደ ቆይቷል።

ብርዱ ሲገባ ክንድሽን እንዴት ያደርግሻል? ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረሽ ጠቅልይው። በየደብዳቤው እጠይቅሻለሁ፣ በየደብዳቤው ትዘይዋለሽ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 28

ወንድም ጋሼ፣

ይቅርታ፣ ግን ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ የጤና ጣቢያ ምክር? አንድ ነገር ጠየቅሁህ፤ ስለ ፎጣ ነገርከኝ።

የቧንቧ ሠራተኛ አምጥቻለሁ። "ኮርኒሱ መፍረስ አለበት፣ አሥር ቀን ይፈጃል" አለ። አቶ መሻሻል ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየና፣ "አሁን ቀለም ተቀብቷል እኮ! ከእንግዶቹ በኋላ" አለ። ግቢው በሙሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆኗል ነገሩ። አጥሩ፣ የአበባ መደቡ ጠርዝ፣ የዛፎቹ ግንድ ሳይቀር ነጭ። ተማሪዎቹ "ሰውም ሳይቀቡ አይቀሩም" እያሉ ይሳሳቃሉ።

እኔም ተቀባሁ። እንዲህ ነው የሆነው፦ አሥሩን ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ እጄ እንቢ አለኝ። ሁለተኛው አንድ ሰዓት። ከዚያ በኋላ፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ጣፈጠኝ። ክርክር ፈጠርኩ። ያረፈደ ሰው ፈጠርኩ። "በቂ ውይይት ከተደረገ በኋላ" ብዬ ጻፍኩ፤ ውይይቱን በጆሮዬ የሰማሁት መሰለኝ። በአራተኛው ስብሰባ የንብረት ክፍሏን ሴትዮ አስቆጣኋት። እማማ ቁልፍ ነው የምንላት፣ ወገቧ ላይ አርባ ቁልፍ ይንጫጫል። እንድትፈርም ስሰጣት መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

"እኔ ነኝ እንዲህ ብዬ የተቃወምኩት?"

"አዎ።"

"ለዳይሬክተሩ? ፊት ለፊት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ጎበዝ ነኝ ለካ!" አለችና ፈረመች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር ብላ፣ "በሚቀጥለው ትንሽ ጨመር አድርጊልኝ" አለችኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ሦስት ጊዜ። ደብዘዝ ያለው ሰማያዊ አይለቅም።

ዘጠነኛው ባዶ ነው። በየቀኑ እቀመጥበታለሁ። ቀኑን ጽፌያለሁ፣ የተገኙትን ጽፌያለሁ። "የቤተ ሙከራው ሻወር" ብዬ እጽፍና ያቺ ልጅ አቧራ ለብሳ ትቆማለች።

እንግዲህ አንተን የምጠይቅህ ለዚህ ነው። በእኔ ዓለም ውስጥ ያልዋሸ ሰው አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ለምን ሸሸኸኝ? ወረቀቱንስ ለምን አወረድከው? መስታወት ይቀየራል እኮ!

ተርብህ


ኅዳር 6

እህቴ፣

መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ወረቀቱ አልጋ ሥር ነው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። ሆዴም ፈጀው፣ ግን አልጨረሰውም። አሁንም ሊጽፈው የተቀመጠው ሰውዬ እኔ መሆኔን እየተጠራጠርኩ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ርእሰ መምህር ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ። መርማሪዎች ይመጣሉ ተባለ። የጥገና መዝገብ ይፈልጋሉ ተባለ። መዝገብ አልነበረንም፤ ስለዚህ በሦስት ቀን የሁለት ዓመት መዝገብ ጻፍኩ። እስክሪብቶ የሚያቀብል አለቃ አልነበረኝም፣ በራሴ ነው የቀየርኩት። ከጻፍኳቸው አንዱ የሦስተኛው መማሪያ ክፍል ጣሪያ ነው። ጣሪያውን የተሸከመውን ወራጅ እንጨት ምስጥ በልቶት ነበር፤ በጣቴ ስጫነው ይገባ ነበር። "ተጠግኗል" ብዬ ጻፍኩ። ጥፋት አልመሰለኝም። ለጥገና ጥያቄ እናቀርባለን፣ እንጠግነዋለን፣ ያኔ እውነት ይሆናል አልኩ። ለአንቺም ይህንኑ ምክር ሰጠሁሽ፣ አየሽ?

ምስጉን ትምህርት ቤት ተባልን። ወረቀቱን እናታችን እጇን ታጥባ ነው የያዘችው።

በዓመቱ እንጨት ጠየቅሁ። መልስ መጣ፦ "በመዝገባችን መሠረት ጣሪያው ተጠግኗል።" እንደገና ጠየቅሁ። እንደገና መጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የያዘውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነበር ብዬ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። አልጻፍኩም። የተበላሸ ነገር አንድ ቀን ይጠገናል። የተጠገነ ነገር ግን ማን ይጠግናል?

በሦስተኛው ዓመት፣ ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዘነበ። አንቺ እዚያው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው መደዳ ላይ ነበርሽ። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር።

እናታችን "የዝናቡ ጉድ!" አለች። እኔም የዝናቡ ጉድ አልኩ። ክንድሽ እንዴት ነው እያልኩ በየደብዳቤው የምጠይቅሽ ለዚህ ነው። የምጠይቀው ስለ ክንድሽ አይደለም።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ወንድሜ፣

ጋሼ ዛሬ የለም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብለህ ታነብልኝ ነበር። እግዜር የሰጠኝ ወንድም እያልኩ እተኛ ነበር። ጸጉሬን በአንድ እጄ መሥራት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በአንድ እጅ! እያወቅክ!

ሌላ የምጽፈው ነገር ነበረኝ። እዚህ ላይ የነበረውን ቀድጄዋለሁ።


ኅዳር 29

ወንድሜ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። አላቃጠልኳቸውም። ይቅርታህን ገና አላነበብኩትም፤ ዓይኔ ያልፈዋል። ምን ሆነ ስላልክ ግን የሆነውን ልንገርህ፤ ከሰው ሁሉ ለአንተ መንገር ይገባኛል።

እንግዶቹ ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀር አሥሩን ቃለ ጉባኤ ከማስረጃው ክላሴር አወጣሁ። በቦታቸው ስድስቱን የባልዲ ደብተሮች አስገባሁ። ከፊታቸው አንድ ገጽ፦ "የተከታታይ መሻሻል ኮሚቴ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ተሰብስቧል።" በራሴ እስክሪብቶ። ለአቶ መሻሻል አልነገርኩትም። ክላሴሮቹን ከጀርባቸው ብቻ ነው ያየው፤ ጀርባቸው ያምራል።

እሱ ግን ቤተ ሙከራ መጥቶ ባልዲዎቹን አየ። "ይሄ ምንድነው? መንደር አስመሰላችሁት እኮ!" አለ። እማማ ቁልፍ ወስዳ ንብረት ክፍል ቆለፈችባቸው።

የቡድኑ መሪ ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምፅ የሌለው ጫማ የምታደርግ ሴትዮ ናት። በሦስተኛው ቀን ገባች። ሰንሰለቱን አየች።

"ይሠራል?"

"በሚገባ!" አለ አቶ መሻሻል።

ሳበችው። ምንም። አቧራ እንኳ የለም፣ ተጠርጎ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም። ወለሉን ነው ያየችው።

"ባልዲዎቹስ የት አሉ?"

ደብተሮቹን አንብባቸዋለች! ስድስቱንም! አቶ መሻሻል "የትኞቹ ባልዲዎች?" አለ። ከኋላ ቁልፎች ተንጫጩ። "እኔ ጋ ተቆልፎባቸዋል፣ ላምጣቸው?"

ድል ነሳሽ ትለኝ ይሆናል። አልነሳሁም። ውሳኔው በመጋቢት ነው የሚመጣው። ዳይሬክተሩ አያናግረኝም፣ መምህራኑ ከሩቅ ነው ሰላም የሚሉኝ። ይህ ምንም አይደለም። ጭራሮ ሰማች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ "አንቺ ንጹሕ እንድትሆኚ የእኔ ዓመት ይቃጠል?" አለችኝ። የአንተን ታሪክ ልነግራት ነበር፤ አፌ ድረስ መጣ። አጎቷን ትወዳለች። ዋጥኩት።

አየህ፣ አሁን እኔም አንድ ነገር ደብቄያለሁ። በቤተሰብ ነው መሰለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ "ጨው አቀብዪኝ" እንኳ አትለኝም። ተነስታ ታመጣለች።


መጋቢት 14

ወንድሜ፣

ማዕረግህን ገና አልመለስኩልህም። ግን ንዴቴን የምወረውርበት ሰው ቸገረኝ፤ አንተ ደግሞ ለምደኸዋል።

ዕውቅናው መጣ! ከቅድመ ሁኔታ ጋር፦ ሻወሩ በስድስት ወር ውስጥ ይገናኝ፣ ኮሚቴው የምር ይሰብሰብ፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይቅረብ። የጭራሮ ምስክር ወረቀት ይታሰባል። ተቀምጬ አለቀስኩ። እስከዚህ ደስ ብሎኛል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ስማ።

ሪፖርቱን አቶ መሻሻል በአዳራሹ በማይክሮፎን አነበበው። "ካየናቸው ማስረጃዎች ሁሉ የላቁት፣ የትምህርት ቤቱ አመራር ራሱን በሐቅ የመመርመር ባህል የሚታይባቸው ስድስት ደብተሮች ናቸው።" የአመራሩ! እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ፤ አንዱ እጄ ሌላውን ሲመታው ተሰማኝ።

ይህም አልበቃው። ሁለቱን ባልዲዎች አስወልውሎ በመግቢያው አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። ከሥራቸው "የመሻሻል ጉዟችን" የሚል ጽሑፍ አለ። ወላጆች አብረዋቸው ፎቶ ይነሳሉ። ሻወሩ? ኮርኒሱ ገና ነው፤ "ተርሙ ሲያልቅ።" ቤተ ሙከራዬ ያለ ሻወርም ያለ ባልዲም ቀረ! እማማ ቁልፍ ሁለት አሮጌ ባልዲ ከመጋዘን አውጥታ በነጠላዋ ሥር ደብቃ አመጣችልኝ። "እነዚህን ለማንም አታሳዪ፣ ሙዚየም ይገባሉ" አለችኝ።

ደግሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ አድርገውኛል። የመጀመሪያው ስብሰባ ሐሙስ ነው። ዛሬ ጠዋት አቶ መሻሻል በቤተ ሙከራዬ በር ላይ ቆሞ፣ "ቃለ ጉባኤውን ዛሬ ብትልኪልኝ" አለኝ። ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

"ሐሙስ ስንሰበሰብ የተባለውን እጽፋለሁ። ካልተባለም እንዳልተባለ እጽፋለሁ" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ፣ አሁን እኮ ዕውቅና አግኝተናል!" አለ።

ትናንት ጠዋት ውሃ ስቀዳ ጭራሮ ከኋላዬ መጣች። አንዱን ባልዲ አንስታ ቀደመችኝ። ስናስቀምጠው፣ "እማዬ፣ ክንድሽ ምን ሆኖ ነበር?" አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አብራኝ ኖራ ጠይቃኝ አታውቅም። ዝናብ ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ስለዚህ ይህን እፈልጋለሁ። በይቅርታ ላይ ይቅርታ አትላክልኝ፤ መሳቢያዬ ሞልቷል። ያኔ መጻፍ የነበረብህን ጻፍ። አጭር ይሁን። ቀኑን ወደ ኋላ አትመልሰው። ፈርምበት። ለጭራሮ የማነብላት ነገር ስጠኝ።

ተርብህ


መጋቢት 27

ቃለ ጉባኤ

የተገኙ፦ ጡረተኛው ርእሰ መምህር። ጎረቤቱ አናጢም ለዳማ መጥቶ ለምስክርነት ተቀምጧል፤ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ስለ ወራጁ በዝርዝር ጠይቆኝ ከሰማ በኋላ ተስማማ።

አጀንዳ፦ የሦስተኛው መማሪያ ክፍል ጣሪያ።

ጣሪያው አልተጠገነም። ወራጁ በምስጥ እንደተበላ ርእሰ መምህሩ ያውቅ ነበር። "ተጠግኗል" ብሎ የጻፈው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ምክንያት እንጨት ሁለት ጊዜ ተከልክሏል፤ ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን መናገር ይችል ነበር፣ አልተናገረም። ጣሪያው የወደቀው በእህቱ ላይ ነው። ዝናቡ ጥፋት የለበትም።

ከአናጢው የቀረበ አስተያየት፦ "ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ በግማሽ ቀን እቀይረው ነበር።"

ውሳኔ፦ የምስጉን ትምህርት ቤቱ ወረቀት ከአልጋ ሥር ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይመለስ፤ የዚህ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ከመስታወቱ በላይ ይለጠፍበት። አናጢው ዛሬውኑ ሰቅሎታል። የመጣ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እነግረዋለሁ።

ቀጣይ ስብሰባ፦ እህቴና ልጇ በሚጠሩኝ ቀን፣ እነሱ ባሉበት። ጉልበቴ ይከሰኛል። እመጣለሁ።

ፊርማው ተጣምሟል። አላስተካከልኩትም።

በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ተጻፈ።